ያው ዲስክ፣ ያው ፖስታ፦ ፊልም በፖስታ ሲከራይ ሙዚቃ ለምን ቀረ?

በ1997 ሁለት ሰዎች ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ከተማ ውስጥ አንድ ያገለገለ የሙዚቃ ሲዲ ገዙ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሲዲው የካንትሪ ዘፋኟ የፓትሲ ክላይን ነበር። ከፕላስቲክ ሽፋኑ አወጡት። የሰላምታ ካርድ በሚላክበት ተራ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ ቴምብር ለጥፈው፣ ወደ አንደኛቸው ቤት ላኩት። የዚያን ጊዜ የደብዳቤ ቴምብር 32 ሳንቲም ነበር። በማግስቱ ሲዲው ደረሰ። ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም።

ሰዎቹ ማርክ ራንዶልፍና ሪድ ሄስቲንግስ ናቸው። ከዚያች ፖስታ የተወለደው ኩባንያ ደግሞ ኔትፍሊክስ ነው። ያሰቡት ፊልም ማከራየት ነበር፤ ግን ዲቪዲ ገና አዲስ ስለነበር ለሙከራ የሚሆን ዲቪዲ አላገኙም። መጠኑ ያው ነው ብለው በሙዚቃ ሲዲ ሞከሩት። ኩባንያው በኋላ ከ5 ቢሊዮን በላይ ዲስክ በፖስታ ላከ። የሙዚቃ ሲዲ ግን አላከራየም። መንገዱን የጠረገው ሲዲ ራሱ መንገዱን ሳይሄድበት ቀረ።

የቴክኒክ ችግር አልነበረም። ችግሩ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ የሚገርም ሕግ ነው፤ ስለ ዲስኩ ሳይሆን ተከራዩ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ በመገመት የተጻፈ ነው።

ፖስታው

አስቀድመን ፖስታውን እንጨርስ። አንድ ሲዲ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ15 እስከ 16 ግራም ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቴምብር የሚሄድ ደብዳቤ እስከ 28 ግራም ድረስ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ዲስኩ ከነወረቀት ከረጢቱ በደብዳቤ ዋጋ ይሄዳል። ከነፕላስቲክ ሽፋኑ ከላካችሁት ግን ወደ 100 ግራም ይጠጋል፤ ዋጋውም ይወጣል። ትልቁን የቪዲዮ ካሴት በዚህ መንገድ አመላልሶ ማትረፍ የማይታሰብ ነበር። የፖስታ ኪራይን የፈጠረው የዲስኩ ቅለት ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ሲዲ ስንይዝ የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በሚያብረቀርቀው በኩል ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ፕላስቲክ ይከላከላል፤ ቀላል ጭረት ቢነካው አብዛኛውን ጊዜ መጫወቱን አይተውም። ጽሑፍ ባለበት በኩል ግን ሙዚቃውን የያዘው ስስ አሉሚኒየም ከስስ ቀለም ሥር ተቀምጧል። እዚያ ላይ በስክሪብቶ ጫፍ ብትቧጥጡት ዘፈኑን ቧጠጣችሁት ማለት ነው።

የፖስታ ቤት ማሽንም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ፖስታ ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ በ2007 ባወጣው ሪፖርት ከኔትፍሊክስ ተመላሽ ፖስታዎች 70 በመቶ ያህሉ በማሽን መለየት እያቃታቸው በእጅ እንደሚለዩ ጽፏል። በሁለት ዓመት ውስጥ ተጨማሪው የጉልበት ወጪ 41.9 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል ብሎ አማሯል። ቢሆንም ነገሩ ቀጠለ።

የገዛኸው ያንተ ነው፣ እስከ አንድ ቦታ ድረስ

አሁን ወደ ሕጉ። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀረበለት። አንድ መጽሐፍ አሳታሚ መጽሐፉ ውስጥ «ከአንድ ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» ብሎ አተመ። የሜሲስ መደብር ባለቤቶች ግን መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ቸበቸቡት። ፍርድ ቤቱ ለመደብሩ ፈረደ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አሳታሚው ቅጂውን አንዴ ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ያ ቅጂ የገዢው ነው። ገዢው ቢፈልግ ይሸጠዋል፣ ይሰጠዋል፣ ያውሰዋል፣ ያከራየዋል። የማይፈቀድለት አንድ ነገር ነው፦ ማባዛት።

የቪዲዮ ኪራይ ቤቶች በሙሉ የቆሙት በዚህ መርህ ላይ ነው። ካሴቱን ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው፣ አከራየዋለሁ። ፊልም ሠሪውን ማስፈቀድ አያስፈልግም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ያንኑ ሐሳብ ወደ ሙዚቃ ያመጡ ሱቆች ብቅ አሉ። ሸክላውን በአንድ ወይም በሁለት ዶላር ለአንድ ቀን ያከራዩ ነበር። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ባዶ ካሴት ይሸጣሉ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ሸክላ ለ24 ሰዓት ተከራይቶ ባዶ ካሴት ገዝቶ ሲወጣ ምን ሊያደርግ ነው? የሸክላ ኩባንያዎቹ ይህን ሥዕል ይዘው ኮንግረስ ገቡ። በጥቅምት 1984 ሕግ ወጣ፦ የሙዚቃ ቅጂን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ለትርፍ ማከራየት ክልክል ሆነ። መጀመሪያ ለአምስት ዓመት ብቻ ተብሎ ነበር። በ1988 ተራዘመ። በ1993 ከሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ማስፈጸሚያ ሕግ ጋር ተጠቅልሎ ቋሚ ሆነ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል። ፊልም ከቪዲዮ ቤት ይከራያል፤ መታወቂያ አስይዞ፣ ማታ አይቶ፣ ጠዋት መልሶ። ሙዚቃ ግን ማን ተከራይቶ ያውቃል? ሙዚቃ ይቀዳል። የሚፈልገውን ዘፈን በወረቀት ጽፎ፣ የ60 ወይም የ90 ደቂቃ ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ይሄዳል፣ «ቅዳልኝ» ይላል። የኮንግረስ ሰዎች በብዙ ገጽ ያስረዱት ነገር እኛ ዘንድ አንድ ቃል ነበር።

ታዲያ ፊልሙ ለምን አመለጠ?

የፊልም ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ሕግ ጠይቀው ነበር። አልተሳካላቸውም። አንዱ ምክንያት የሰው ባህርይ ነው። ሰው አንድን ፊልም ስንቴ ያያል? አብዛኛውን ጊዜ አንዴ። አንድን ዘፈንስ? መቶ ጊዜ፤ ሚስት እስክትቆጣ ድረስ። ለአንድ ምሽት የተከራየው ፊልም ጥማቱን ይቆርጥለታል፣ ይመልሰዋል። ለአንድ ምሽት የተከራየው አልበም ግን ጥማቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ወይ ይገዛዋል ወይ ይቀዳዋል፤ መቅዳት ደግሞ ይረክሳል።

ሁለተኛው ምክንያት መሣሪያው ነው። በዚያ ዘመን ፊልም ለመቅዳት ሁለት የቪዲዮ ማጫወቻ ያስፈልጋል። ካሴት ለመቅዳት ግን ሳሎን ያለው ቴፕ ይበቃል። ሦስተኛው ፖለቲካ ነው፤ የቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ በዝተው ስለነበር የሚያስፈራ ድምፅ ነበራቸው። የሸክላ አከራዮቹ ግን ገና ጥቂት ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሦስተኛው ምክንያት ከሚነገርለት በላይ ክብደት ነበረው። በዚያ ላይ በጥር 1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በኋላ ለማየት ቤቱ ቢቀዳ ጥፋት አይደለም ብሎ 5 ለ4 ወስኖ ነበር። ነፋሱ ለፊልም ኩባንያዎች አልነፈሰም።

ቆይቶ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተራ ደረሰ። በ1990 በወጣ ሕግ ሶፍትዌር ማከራየትም ታገደ፤ ሰው ለአንድ ቀን ተከራይቶ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ይመልሰዋልና። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ ተተወ፦ በጌም ማጫወቻ ብቻ የሚሠሩ ጨዋታዎች ይከራያሉ፣ ምክንያቱም እነሱን ቤት ውስጥ መገልበጥ ቀላል አይደለም። በዚህች ቀዳዳ ጌምፍላይ የሚባል ኩባንያ ከ2002 ጀምሮ ጨዋታ በፖስታ ሲያከራይ ኖሯል።

እንግዲህ አራት ዲስኮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ሁሉም ክብ፣ ሁሉም 12 ሴንቲ ሜትር። ፊልሙን ማከራየት ይቻላል። የፕሌይስቴሽኑን ጨዋታ ማከራየት ይቻላል። የኮምፒውተር ፕሮግራሙን አይቻልም። ዘፈኑን አይቻልም። ፖስተኛው ልዩነቱን አያውቅም። ሕጉ ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተከራዩ ሲመልሰው ቤቱ ቅጂ ያስቀራል ወይስ አያስቀርም?

ሳቁ እዚህ ጋ ነው፤ ይህ ግምት አረጀ። እየቆየ ፊልምም፣ ዘፈንም፣ ፕሮግራምም በአንድ ኮምፒውተር በርን ይደረግ ጀመር። ሕጉ ግን የካሴት ዘመን ሥዕሉን እንደያዘ ቆመ።

ጃፓን ሌላ መንገድ ሄደች

ሙዚቃ ሲዲ በፖስታ መከራየት የሚቻልበት አገር የለም ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ጃፓን አለች።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1980 ቶኪዮ ዳርቻ፣ ሚታካ በምትባል ቦታ ነው። ተማሪዎች ሬይኮዶ የሚባል የሸክላ ኪራይ ቤት ከፈቱ። ዋጋው ከአልበሙ መሸጫ አንድ አስረኛ ገደማ። ወጣቱ ጎረፈ። ለምን እንደጎረፈ ለመረዳት አንድ የጃፓን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል፦ እዚያ የሙዚቃ ቅጂ ዋጋ አሳታሚው የወሰነው ነው፤ ሱቁ ቅናሽ ማድረግ አይችልም። አንድ አልበም 3,000 የን አካባቢ ነው፣ አለቀ፣ ድርድር የለም። ለተማሪ ኪስ ከባድ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ የኪራይ ቤቶቹ በመላ አገሪቱ ፈሉ።

የሸክላ ኩባንያዎቹ በ1981 ከሰሱ። እስካሁን ታሪኩ ከአሜሪካ ጋር አንድ ነው። የሚለየው የመንግሥት መልስ ላይ ነው። አሜሪካ ጥቂት ሱቅ ሲኖር ዘጋችው። ጃፓን ግን ሱቆቹ ከበዙ፣ ሕዝቡም ከለመደ በኋላ ነው ሕግ ለማውጣት የተቀመጠችው። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ፈለገች። ከ1985 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ሕግ እንዲህ ይላል፦ አልበሙ ከወጣ በኋላ ለአንድ ዓመት ዘፋኙና አሳታሚው «አይከራይም» ማለት ይችላሉ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን መከልከል አይችሉም፤ ክፍያ የመቀበል መብት ብቻ ነው የሚኖራቸው። አከራዩ ይከፍላል፣ ገንዘቡ በማኅበራቸው በኩል ለዘፋኝ፣ ለአሳታሚ፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲ ይከፋፈላል።

የአገር ውስጥ ኩባንያዎች የሚገርም ነገር አደረጉ፤ ዓመቱን ሙሉ መከልከል አልፈለጉም። ነጠላ ዘፈን በቀናት፣ አልበም በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ እንዲከራይ ተስማሙ። ከኪራዩ ገንዘብ ያገኛሉና። የአሜሪካ ኩባንያዎች ግን ይህን ነገር አልወደዱትም። ከ1992 ጀምሮ የውጭ ሙዚቃም የአንድ ዓመቱ መብት ሲሰጠው እስከ መጨረሻዋ ቀን ተጠቀሙበት። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ የአገሩ ዘፋኝ አዲስ አልበም በሳምንታት ውስጥ ይከራያል፤ የአሜሪካዊው ግን ልክ ዓመት ሲሞላው መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

በ1994 የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ሲፈረም ሙዚቃ ማከራየትን የመፍቀድና የመከልከል መብት ለባለመብቶች እንዲሆን ተወሰነ። እዚያው ስምምነት ውስጥ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ገባች፦ እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 1994 ድረስ የክፍያ ሥርዓት የነበረው አገር ሥርዓቱን ይዞ መቀጠል ይችላል። ስም አልተጠራም። ማንን ለማዳን እንደተጻፈች ግን ግልጽ ነው።

ከዚያ ፖስታው መጣ። ኦሳካ አካባቢ ሂራካታ በ1983 አንድ ሱቅ ብሎ የጀመረው ጹታያ በ2002 ዲስካስ የሚባል አገልግሎት ከፈተ። አሠራሩ እንደ ኔትፍሊክስ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ የምትፈልጉትን በዝርዝር ታስቀምጣላችሁ፣ ሁለት ሁለት ዲስክ በአንድ ፖስታ ይመጣል። ሲጨርሱ ያንኑ ፖስታ ቀይዋ የጎዳና ፖስታ ሳጥን ውስጥ መክተት ነው። የዘገየ ቅጣት የለም፤ ካልመለሳችሁ ቀጣዩ አይመጣም፣ በቃ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ዝርዝሩ ውስጥ ከፊልም ጎን የሙዚቃ ሲዲ አለ።

ሰዉ ይቀዳል ወይ? አዎ፣ ይቀዳል። ጃፓን ይህን አልካደችም። ለራስ ብቻ መቅዳት በሕጓ የተፈቀደ ነው፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዲጂታል መቅጃና ባዶ ዲስክ ዋጋ ላይ ለባለመብቶች የምትሄድ ትንሽ ክፍያ ጨመረችበት። ሰው መቅዳቱን አይተውም፣ ቢያንስ ይክፈልበት የሚል አስተሳሰብ ነው።

አውሮፓ፣ ሁለት ሳምንት

አውሮፓን በአጭሩ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1992 የኪራይ መብትን ለባለመብቱ የሚሰጥ መመሪያ አወጣ። አንድ የጀርመን ሲዲ አከራይ «ንግድ የመሥራት መብቴ ተነካ» ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሚያዝያ 28 ቀን 1998 ተፈረደበት። ኔትፍሊክስ ካሊፎርኒያ ላይ ሥራ የጀመረው ሚያዝያ 14 ነው። በአንዱ አህጉር የዲስክ ኪራይ በፖስታ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሌላው አህጉር የሙዚቃ ዲስክ ኪራይ በሩ ተዘጋ።

በጓሮ በር

አሜሪካ ውስጥ ሙዚቃን በፖስታ ለማግኘት የሞከሩ ሌሎች መንገዶች ነበሩ፤ ግን ሁሉም «ኪራይ» የሚለውን ቃል ይሸሻሉ። ሲዲ በፖስታ ይሸጥ የነበረውን ኮሎምቢያ ሃውስን እዚያ የቆዩ አበሾች ያስታውሱት ይሆናል፤ «12 ሲዲ በአንድ ሳንቲም» የሚለው ማስታወቂያ። እሱ ሽያጭ ነበር። «አልፈልግም» የሚለውን ካርድ በጊዜ ካልመለሳችሁ ያላዘዛችሁት ሲዲ ከነሂሳቡ ከች ይል ነበር።

የበለጠ ብልሃት የነበረው ላላ የሚባለው ድረ ገጽ ነው። በ2006 ሥራ ጀመረ። አባላት ያላቸውንና የሚፈልጉትን ሲዲ ይመዘግባሉ፣ እርስ በርስ በፖስታ ይላላካሉ፣ ተቀባዩ አንድ ዶላርና የፖስታ ሂሳብ ይከፍላል። ሲዲው አይመለስም፤ የተቀባዩ ይሆናል። ስለዚህ ኪራይ ሳይሆን ዝውውር ነው፣ የ1908ቱ መርህ ይፈቅደዋል። ላኪው ከመላኩ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ አስቀርቶት እንደሆነ ማን ያይበታል? አፕል በ2009 መጨረሻ ገዛው፣ በግንቦት 2010 ዘጋው።

ሦስተኛው በር እስካሁን ክፍት ነው። የ1984ቱ ሕግ ለትርፍ ያልቆሙ ቤተ መጻሕፍትንና ትምህርት ቤቶችን አይነካም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ሲዲ በነጻ ይዋሳል። ቤቱ ገብቶ ምን ያደርጋል? ሕጉ እዚህ ጋ ዓይኑን ጨፈነ።

እኛ ጋ

ኢትዮጵያም ሕግ አላት። በ1996 (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ቅጂዎችን በሽያጭም በኪራይም ለሕዝብ ማሰራጨትን የባለመብቱ መብት ያደርገዋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለ ፈቃድ ማከራየት አይቻልም። ግን ለእኛ የፖስታ ኪራይን የሚያስቀረው ከሕጉ በፊት ፖስታው ነው። ይህ ንግድ የሚቆመው ደብዳቤ በየቤቱ ደጃፍ በሚደርስበት አገር ነው። እኛ ጋ ደብዳቤ ሰው ጋ አይመጣም፤ ሰው ነው ደብዳቤ ጋ የሚሄደው፣ ፖ.ሣ.ቁ. ወዳለበት። ሁለት ታክሲ ይዞ ሳጥን ከፍቶ ሲዲ ከማምጣት ሙዚቃ ቤት ጎራ ብሎ መግዛት ይቀላል።

ኪራዩ በሌላ ስም

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ በወር እየከፈልን ስልካችን ላይ የምንሰማው ሙዚቃ ምንድን ነው? መክፈል ስናቆም ይጠፋል። የኛ አይደለም። ይኸው ኪራይ ነው እንግዲህ። በ2023 ከዓለም የተቀዳ ሙዚቃ ገቢ ግማሹ ገደማ ከዚህ ነው የመጣው። በ1984 ኪራይ ሊገድለን ነው ያሉ ኩባንያዎች ዛሬ የሚበሉት ከኪራይ ነው። የተለወጠው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ዘፈን ሁልጊዜ እጁ ላይ ላለ ሰው መቅዳት አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። በዚያ ላይ ፈቃዱን የሚሰጡትም ገንዘቡን የሚቀበሉትም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ኔትፍሊክስ የመጨረሻዎቹን ዲስኮች በመስከረም 29 ቀን 2023 ላከ። እጃችሁ ላይ ያለውን አትመልሱ፣ የናንተ ይሁን አለ። ያን ቀን የጃፓኑ ዲስካስ አሁንም ሲዲ በፖስታ ያከራይ ነበር፤ በስልክ የማይገኙ የድሮ አልበሞችን የሚፈልግ ሰው አለውና። የእሱ ራስ ምታት ግን የሸክላ ኩባንያ አይደለም። የጃፓን ፖስታ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ተራ ደብዳቤ ቅዳሜ ማደል አቁሟል። በጥቅምት 2024 ደግሞ የተራ ደብዳቤ ቴምብር ከ84 የን ወደ 110 የን ወጣ።